ሰባት ጣሳ ጠላ

ስለ ራሴ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ እኔ ካልተናገርኩ የሚናገርልኝ የለም፣ እኩዮቼ አልቀዋል። እኔ ታፈሰ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁ፣ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ዕቃ ጋር ተጥሎ ባገኘሁት አሮጌ የጣሊያንኛ መጽሐፍ ሥዕሉን ከጽሑፉ እያመሳከርኩ ሬዲዮ መጠገን ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረቱ የሚጀምርበት ጋ፣ በሯ አረንጓዴ የተቀባ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ከሾላ፣ ከኮተቤ፣ ከካራ ሳይቀር ሬዲዮናቸውን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልለው ይመጡልኝ ነበር። ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ የሰቀለ የመሃል ከተማ ጠጋኝ «ይህ ሞቷል፣ ቅበሩት» ያለውን ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስነስቼ ባለቤቱን አስለቅሻለሁ። ይህን ያዩ ሰዎች ነበሩ።

ይህ ሁሉ ግን ከምላሴ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነገር ነው። ጠላ ቀምሼ የማን ቤት እንደሆነ እናገራለሁ። ጌሾው ቅጠሉ ይብዛበት እንጨቱ፣ የገብሱ አሻሮ አርሮ ይሁን በልኩ ተቆልቶ፣ ውሃው የቧንቧ ይሁን ከእንጦጦ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ የተቀዳ፣ እንስራው በግራዋ ታጥቦ በምን እንጨት እንደታጠነ፣ ከተጠመቀ ስንት ቀን እንደሆነው አውቃለሁ። የሰፈሩ ሴቶች አዲስ ጋን ሲከፍቱ ለሽያጭ ከማቅረባቸው በፊት «እስኪ ታፈሰ ምን ይላል?» ብለው ያስጠሩኝ ነበር። ራሴን ከነቀነቅኩ ጠላው እስከ ማታ አይቆይም። ዝም ካልኩ ያቺ ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ጌሾ የምትገዛበትን ነጋዴ ትለውጣለች። በባሕር ማዶ ወይን ጠጅ እየቀመሱ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ያን ሥራ ያለ ደመወዝ፣ ያለ አስተማሪ ሠርቻለሁ።

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ህሊና መሪ አካባቢ አዲስ ወደተከፈተ ቢራ ቤት ወሰደችኝ። ቢራውን እዚያው ይጠምቁታል፤ ከመስተዋቱ ጀርባ የሚያበሩ የብረት ጋኖች ቆመዋል። ወጣቶቹ በትንንሽ ብርጭቆዎች እየተቀባበሉ ይቀምሳሉ፣ «እኔ የምወደው ይሄን ነው፣ አንተ ደግሞ ያንን ሞክር» ይባባላሉ። ደስ ብሎኝ አየኋቸው፤ እኛም እንዲሁ ነበርን። አንድ ጢማም ልጅ ጥቁር ቢራ አቀበለኝና «ጋሼ፣ ክራፍት ነው፣ እስኪ ቴስት ያድርጉት» አለኝ። ከከንፈሬ ሳይደርስ ጭሱ አፍንጫዬ ገባ። ብቅሉን በእንጨት ጭስ ነው ያደረቁት አልኳቸው፤ እንጨቱም ወይራ አይደለም ብዬ ጨመርኩ። ጠማቂውን ከጓዳ ጠርተው አመጡት፤ እውነታቸውን ነው፣ ብቅሉ በጭስ ደርቆ ከውጭ የመጣ ነው አለ። ጠረጴዛው በሙሉ አጨበጨበልኝ። በዚህ ዕድሜ ጭብጨባ ደስ አይልም ብዬ አልዋሽም። ወዲያው ጢማሙ ልጅ የቢራውን ስም ሳይነግረኝ ሌላ ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «በሉ ይሄኛውን ደግሞ ይገምቱ» አለ።

እጄ ብርጭቆውን መልሶ ገፋው። ህሊና ጎንበስ ብላ «አባባ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ደክሞኛል አልኳት። አልደከመኝም ነበር። በጢማሙ ልጅ ፋንታ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሽፈራው ነበር፤ ካኪ ኮቱን እንደለበሰ፣ ሁለት ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መልሴን እየጠበቀ። ሽፈራው ከሞተ ቆይቷል። እኔ ግን ማንም ሰው ምን እንደሆነ ሳይናገር መጠጥ ባቀረበልኝ ቁጥር አየዋለሁ።

ያን ጊዜ አንድ ጣሳ ጠላ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ጣሳው የቲማቲም ድልህ የመጣበት ቆርቆሮ ነው፤ አፉ እንዳይቆርጥ ጠርዙ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ከተደፋ እዚያ ቤት ጠላ አለ ማለት ነው። ከኔ ሱቅ በታች የበላቸው ልብስ ስፌት ነበረች። በላቸው ሰፊ እግር ሱሪ በመስፋት የታወቀ ነበር፤ አንዱ እግር ብቻ ለአንድ ልጅ ቀሚስ ይበቃል እያለ ይቀልድ ነበር። ለውጡ ከመጣ በኋላ ያን ሱሪ የሚያሰፋ ጠፋ፤ ሁሉም ካኪ ሆነ፣ በላቸውም ካኪ ይሰፋ ጀመር። ሬዲዮውም እንደዚያው። ጠግኜ ስከፍተው የሰልፍ መዝሙር ነው፤ አንዳንዴ ግን ከመዝሙሩ መሃል አንድ የክራር ዘፈን ታመልጣቸዋለች፣ ያን ጊዜ ከዳገቱ የቅጠል ሸክም ይዘው የሚወርዱት ሴቶች ሳይቀሩ ሱቄ በር ላይ ቆም ይሉ ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ ፋርማሲ ያለበት ፎቅ ቆሟል፤ ኮረቱም ኮብልስቶን ሆኗል። ስወጣ እግሬ አሁንም ድሮ ጉድጓድ የነበረበትን ቦታ ይዘላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በበላቸው ሱቅ እንሰበሰብ ነበር፤ በላቸው፣ መምሬ ተሰማ የሚባሉ የደብሩ ቄስ፣ እና እኔ። ሌላም ሰው አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሦስታችን ግን አንቀርም። እያንዳንዱ ከሚወደው ቤት አንድ ጠርሙስ ጠላ ይዞ ይመጣል፤ ጠርሙሱ በጋዜጣ ይጠቀለላል። ሕጉ አንድ ነው፤ አምጪው የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም፣ ሌላውም አይጠይቅም። ቀምሶ ነው የሚባለው። በላቸው የሚወደው ጉሹን ነው፤ ያልጠለለ፣ ጥርስ ውስጥ የሚቀር። መምሬ ተሰማ ጌሾ የበዛበት መራራ ይወዳሉ፤ ስንስቅባቸው «የጣፈጠውን ለናንተ ተውኩ፣ ይሄ የኔ ጾም ነው» ይሉ ነበር። እየተቀባበልን እንቀምሳለን፣ እንከራከራለን፣ በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። አንድ ጊዜ በላቸው ሊያሳስተኝ ብሎ የሁለት ቤት ጠላ ደባልቆ አቀረበ። ሁለቱንም ቤት ነገርኩት፣ የትኛው እንደሚበዛም ጨመርኩ። በላቸው ጣሳውን አስቀምጦ «ይሄ ሰውዬ ሚስት አግብቶ ቢሆን ኖሮ ምን በልታ እንደዋለች ሳይቀር ይነግራት ነበር» አለ። ያን ጊዜ ገና አላገባሁም።

እኔ የምወደው የእትዬ አስካለን ጠላ ነበር። እትዬ አስካለ ባሏ የሞተባት፣ ከሱቄ በላይ ሦስተኛው ግቢ የምትኖር ሴት ነበረች፤ ከኔ በአሥራ ምናምን ዓመት ትበልጣለች። ሌሎቹ እንስራቸውን በወይራ ብቻ ሲያጥኑ እሷ ከወይራው በኋላ ጥንጁት ትጨምርበታለች። ጥንጁቱን ከሀገሯ ከመንዝ ዘመድ ነው የሚያመጣላት፤ ከሰፈሩ ሌላ የሚያጥንበት አልነበረም። ያ ጭስ ከጠጣህ በኋላ በጉሮሮህ ቆይቶ የሚመለስ ነው። ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። ጋኑ ሲከፈት መጀመሪያ ጠርቶ የሚወጣውን፣ የወርቅ ቀለም ያለውን፣ አትሸጠውም። እሱ ለቤት ሰው ነው። ለኔ አንዴ ብቻ፣ ሬዲዮዋን በነፃ የሠራሁላት ቀን፣ ግማሽ ጣሳ ቀዳችልኝና «ይሄ የልጄ ድርሻ ነው፣ ሰርቄበት ነው» አለችኝ። ልጇ ዳንኤል ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፤ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰማያዊ ሹራብ የማያወልቅ ልጅ። ባትሪ ሊገዛ ሲመጣ ስለ ሬዲዮ ይጠይቀኝ ነበር፤ ተማሪ ሆኖ እኔን መጠየቁ ደስ ይለኝ ነበር። ተማሪ የሚታደንበት ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ዳንኤል ጠፋ። እትዬ አስካለ ጅማ ለማስተማር ሄደ አለች። ሁላችንም ጅማ ነው አልን። የማያምነውም አምኖ ተቀመጠ።

ሽፈራው የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ነበር። ከለውጡ በፊት ከኛው ጋር ይጠጣ የነበረ ሰው ነው፤ ጣዕም አይለይም፣ ጠላና ቅራሪ ከፊቱ ብታስቀምጥለት የቀረበውን ይጠጣል። በዚህ እንስቅበት ነበር፤ ከሁሉ የበለጠ የሳቅኩበት እኔ ነኝ። አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ ብቻውን መጣ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነበር፣ ከብብቱ ሥር ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዟል። ለረጅም ጊዜ አብሮን ስላልተቀመጠ መምሬ ተሰማ ተነሥተው ወንበር ለቀቁለት። እሱም ሳቅ ብሎ ዛሬ እኔም በሕጋችሁ መሠረት የራሴን ይዤ መጥቻለሁ አለ። የጠርሙሱን አፍ የወተፈውን ጨርቅ ነቅሎ በበላቸው ጣሳ ቀዳና ለኔ አቀበለኝ።

አሸተትኩት። ከንፈሬን አስነካሁት፣ በምላሴ ዙሪያ አዞርኩት፣ ዋጥኩት፣ ጭሱ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ሽፈራው ክንዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያየኛል። «የእትዬ አስካለ ነው» አልኩ።

በላቸው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ በላቸው እግሬን የረገጠኝ ተሳስተሃል ለማለት መሰለኝ። ሊያሳፍረኝ የፈለገ መሰለኝ። ስለዚህ ዝም ማለት ሲገባኝ ማስረጃ ማቅረብ ጀመርኩ። ወይራና ጥንጁት እንደታጠነ፣ ከተከፈተ ከሐሙስ እንደማያልፍ ተናገርኩ። ደግሞም ይህ ከሚሸጠው አይደለም፣ መጀመሪያ የሚጠልለው ነው፣ እሱን ለቤት ሰው ካልሆነ ለማንም አትሰጥም አልኩ። በላቸው እግሩን አነሣ። መምሬ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሽፈራው ጨርቁን መልሶ ወተፈ። «ለቤት ሰው ካልሆነ» አለና ቃሌን ደገመው። «ጓድ ታፈሰ፣ አንተ እኮ ለአብዮቱ ትልቅ ሀብት ነህ።» ጠርሙሱን ይዞ ወጣ። ከሄደ በኋላ በላቸው ጠርሙሱ የት እንደተገኘ ነገረኝ፤ ዩኒፎርም ከሚያሰፉት ጠባቂዎች አንዱ ጠዋት አምልጦት አውርቶለት ነበር። ቅዳሜ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲያስሱ አንድ የእንጨት ቆራጮች ጎጆ አግኝተዋል። ሰውየው አምልጧል፤ ብርድ ልብስ፣ ጥቂት ወረቀትና ያ ጠርሙስ ቀርቷል። የማን እንደሆነ አላወቁም ነበር። እኔ ነገርኳቸው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ አስካለን ወሰዷት። በሱቄ ፊት ነው ያለፉት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ወደ እኔ አልዞረችም። ልጇ የት እንዳለ እስክትናገር እንደማይለቋት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከቀበሌው በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛው፣ ከተላከች ደግሞ ከዚያ የተመለሰ ጥቂት ነው። ሱቄን ሳልዘጋ ቀበሌ ሄድኩ። ሽፈራው ዘንድ ገብቼ ትናንት ተሳስቻለሁ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ የጠላው ባለቤት እሷ ላትሆን ትችላለች አልኩ። አልተቆጣም። ሻይ አስመጣልኝ። እንግዲያው በሰው ፊት እንፈትንህ አለ፤ ረቡዕ ጠዋት በአዳራሹ ከሰባት ቤት ጠላ ይቀርብልሃል፣ ምላስህ የማይታመን ከሆነ ጠርሙሱም ማስረጃ አይሆንም፣ ሴትየዋም ወደ ቤቷ ትገባለች። ከልቡ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከልቡ ይመስለኛል፤ የኔን ምላስ መዋረድ ከማንም እስረኛ በላይ ይፈልገው ነበር።

ማክሰኞ በላቸውና መምሬ ተሰማ ሱቄ መጡ። በላቸው ያን ቀን አልቀለደም።

«ሰባቱንም ሳት» አለኝ። «ሰማኸኝ ታፌ? አንድም እንዳታገኝ። የብርቄን የአስካለ በል፣ የአስካለን የሌላ በል። ይሳቁብህ።»

«አውቄበታለሁ» አልኩት።

«አታውቅበትም። አንተ መሳት አልለመድክም።»

መምሬ ተሰማ ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ የሴትዮዋ ነፍስ በአፍህ ነው ያለችው። ለአንድ ጠዋት ሞኝ ሁን» አሉኝ። እሺ አባቴ አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ረቡዕ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀኝ። ያ አዳራሽ ክረምት ክረምት ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው በመፈክር የተሸፈነ፣ አግዳሚዎቹ እግራቸው የማይስተካከል ነበር። ሰባት ጣሳ በቀይ ጨርቅ ላይ ተደርድሯል፤ ሥራቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ የቁጥሮቹ ዝርዝር በሽፈራው ኪስ ነው። ለእትዬ አስካለም ቤቷን አስከፍተው ከጋኗ ቀድተዋል። እሷን ራሷን አምጥተው ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋታል። ሁለት ሌሊት ነው የታሰረችው፤ ፊቷ ግን ያበጠ ነበር። ጠላቸው የተቀዳባቸው ሴቶችም ቆመው ያያሉ። የመጀመሪያውን ጣሳ አነሣሁ። የወይዘሮ ብርቄ ነበር፤ ሳላሸተው አውቄዋለሁ፣ አሻሮዋን ሁልጊዜ ታሳርረዋለች። የሌላ ሰው ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ከኋላ አንድ ጠባቂ «እንግዲህ ይሄ ነው ዝነኛው?» አለና ሰው ሳቀ።

«የወይዘሮ ብርቄ» አልኩ።

ሽፈራው ዝርዝሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሰው አጉረመረመ፤ ያ ማጉረምረም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አድናቆት ነው። ለራሴ አንድ ቢገኝ ምንም አይደለም አልኩ። እንዲያውም ሁሉንም ብስት አውቆ ነው የሚሉኝ፣ ጥቂት ማግኘት ይሻላል አልኩ። ይህን ሐሳብ ለብዙ ዓመት ለራሴና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስናገረው ኖሬአለሁ፤ ብልጠት ነበር እላለሁ። ብልጠት አልነበረም። ሁለተኛውን አገኘሁ፣ ሦስተኛውን አገኘሁ፣ አራተኛውን ከሾላ የመጣ ነው፣ ከዚህ ሰፈር አይደለም ስል የሳቀው ጠባቂ ራሱ አጨበጨበ። አምስተኛውን ሳነሣ ጥንጁቱ ገና ከሩቅ ጠራኝ። እትዬ አስካለ አየችኝ። ቀና ብላ፣ ምንም ሳትለምነኝ፣ አየችኝ ብቻ። ጠጣሁ። ቆየሁ። ይህን አላውቀውም፣ የማንም ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ከኮተቤ ነው አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በደንብ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስድስተኛውንና ሰባተኛውንም አገኘሁ። ለምን እነሱን እንዳገኘሁ ዛሬም አላውቅም። ልሳታቸው እችል ነበር። ጊዜም ነበረኝ።

ሽፈራው ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ስድስቱን አገኘህ፣ አንዷን ብቻ ሳትክ» አለ። «እሷም የትኛዋ እንደሆነች ሁላችንም ገባን። አመሰግናለሁ ጓድ ታፈሰ።» ማንም አላጨበጨበም። እትዬ አስካለን አስነሥተው በጓሮ በር ወደ መኪና ወሰዷት፤ ወደ ከፍተኛው። በላቸው ቆብ አድርጎ ነበር፤ በአጠገቤ ሲያልፍ አውልቆ ወደ ታች እያየ አለፈ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሱቁን ዘጋብን። ተሰብስበን አናውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ድምፅ ማጉያ እበይዳለሁ። ቀና ስል ዳንኤል ከላይ በመንገዱ መሃል ይወርዳል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰማያዊ ሹራቡን እንደለበሰ፣ ጢሙ አድጎ፣ ባሕር ዛፍ ቅጠል ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ። እናቱ ወደ ከፍተኛው መወሰዷን እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ነግረውታል። እጁን ሊሰጥ እየሄደ ነበር። በሬ ጋ ሲደርስ እንደ ድሮው አንገቱን ሰበር አደረገ። «እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ታፈሰ» አለኝ። ጠላውን ያወቅኩት እኔ መሆኔን አልነገሩትም ማለት ነው፤ ወይም ነግረውታል፣ ቢሆንም ሰላም አለኝ። የትኛው እንደሆነ አርባ ምናምን ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ። መበየጃው በእጄ ነበር። ተነሥቼ ብይዘው፣ ወደ ውስጥ ጎትቼ በሩን ብዘጋ፣ በጓሮው በኩል ወደ ወንዙ ባወርደው፣ ሊሆን ይችል ነበር። «ደህና ዋልክ ወይ ዳኒ» አልኩት። ወረደ። ኩርባው ላይ እስኪሰወር አየሁት። በዚያ ኩርባ ዛሬም ሳልፍ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ከፊቴ ይቀድመኛል፤ ፀሐይ ሲበረታ በተለይ።

እናትየዋን ከክረምቱ በኋላ ለቀቋት። ልጁ አልተመለሰም፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። እትዬ አስካለ በሯ ላይ ያለውን እንጨት ነቅላ ጣሳውን ወረወረችው፤ ከዚያ በኋላ ጥጥ እየፈተለች ነው የኖረችው። ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ቀን ሱቄ መጣች። ልትረግመኝ ነው ብዬ ተነሣሁ። ልትቀመጥ አልፈለገችም፤ በሩን ይዛ ቆመች።

«ታፈሰ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። አንተ አይተኸዋል።»

«ምን እትዬ?»

«ያ ጠርሙስ። ሽፈራው ይዞት ሲመጣ ሙሉ ነበር? ወይስ ተጠጥቶለታል?»

ወዲያው አልገባኝም። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ያን ቅዳሜ ማለዳ ራሷ ተሸክማ፣ ከቅጠል ለቃሚዎች ጋር ተቀላቅላ ጎጆው ድረስ አድርሳለታለች። ልጁ እንጨት ፍለጋ ወጣ ብሎ ስለነበር ሳታገኘው፣ አስቀምጣለት ወረደች። ከዚያ አላየችውም። ካሰሩት በኋላም አላሳዩዋትም። «ከእጄ የመጨረሻው እሱ ነው» አለች። «ቀምሶት እንደሆነ ብቻ ልወቅ።»

እውነቱን አውቀው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከዓይኔ አያመልጥም። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር፤ ጨርቁ እሷ እንደወተፈችው ጠብቆ፣ ሽፈራው በጥርሱ ይዞ ነው የነቀለው። መጀመሪያ የጠጣሁት እኔ ነኝ። የልጁን ድርሻ የጠጣሁት እኔ ነኝ።

«ከግማሽ በታች ነበር» አልኳት። «ጠጥቶለታል። ጠርሙሱን ሳየው እንዲያውም እንዴት ወዶታል ብያለሁ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ፣ በአዳራሹ እንዳየችኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣችና ራሷን ደጋግማ ነቀነቀች። «ይወደው ነበር» አለች። «ከሕፃንነቱ ይወደው ነበር።» ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኝ ጀመር፤ እስክትሞት ድረስ ሰላም ትለኝ ነበር። በላቸው ግን እስኪሞት አላለኝም፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

ህሊና ከቢራ ቤቱ ስንመለስ መኪና ውስጥ ለምን ብርጭቆውን እንደገፋሁት ደጋግማ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም፤ እዚህ ልታነብበው ትችላለች። ስታነብ ግን አያቷ ምን ሆኖ እንዳለፈ በሙሉ ትወቅልኝ፤ ስለዚህ ሠርቼ ያለፍኩትን ልቁጠር። ያለ አስተማሪ ማንበብና መጻፍ ተማርኩ። ጣሊያንኛ አነበብኩ። ከሦስት ቀበሌ የሚመጣ ሬዲዮ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ጠገንኩ፤ የሞተ የተባለ አስነሣሁ። አራት ልጆች አስተማርኩ፤ ሁለቱ መሐንዲስ ናቸው፣ የመጀመሪያውን ሽቦ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። መሬት ገዝቼ፣ ፕላኑን ራሴ ነድፌ፣ እስከ ዛሬ ያልሰነጠቀ ቤት ሠራሁ። አምስት ሰዎችን ጥገና አስተምሬ ሱቅ አስከፈትኩ። የመምሬ ተሰማን መቃብር ድንጋይ ራሴ ቀረጽኩ። የማን ቤት እንደሆነ ሳይነገረኝ ቀምሼ ከሰባት ጣሳ ስድስቱን አገኘሁ፤ የቀረውንም አውቀዋለሁ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ጠላ አፌ አልገባም። አንድ ጊዜም፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢሆንም፣ ለአንዲት እናት በደንብ ዋሸሁ።